ሠላሳ ሰባት ዲግሪ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም፣ ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ ይመስላችኋል። ሶዶ ውስጥ የሚያውቀኝ ይመስክር፣ ጸሎት ቤት እሄዳለሁ፣ እጸልያለሁ፣ እግዚአብሔርን አምናለሁ፣ ግን እህት እገሊት ራእይ አየች፣ እነ እገሌ ቤት በሩ በራሱ ተከፈተ ሲባል ጥፍሬን ማየት እጀምራለሁ። በራሱ የተከፈተ በር ማጠፊያው የላላ በር ነው ብዬ ከሁለቱ አክስቶቼ ጋር ተኳርፌያለሁ፣ አንዷ እስካሁን አልታረቀችኝም።

ስሜ ምህረት ነው፣ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለኝ፣ ሴት ጠጋኝ ስላልለመዱ የሰፈሩ ሰዎች ሲያሾፉብኝ "ኢንጂነሯ" ይሉኛል፣ እኔም እንዳልሰማ አልፋለሁ። የማምነው ቁጥር ነው። ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ ራስ ነው፣ ሲያስብ ይግላል፣ ከላዩ የተጫነበት ብረት ሙቀቱን ይስብለታል፣ ማራገቢያው ደግሞ ከብረቱ ላይ ያባርርለታል፣ በራሱና በብረቱ መካከል ፔስት የምንለው ነጭ ቅባት ይቀባል፣ ካልተቀባ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይወጣል፣ መቶ ከደረሰ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል፣ ከዚህ ያለፈ ምስጢር የለውም። ቁጥሩን ለባለቤቱ እንዳለ እነግራለሁ፣ አንድ ጥሩ ደንበኛዬ ማሽኑን ለዘመዱ ሊሸጥ ፈልጎ "ስልሳ ነው በይልኝ" ሲለኝ ዘጠና ነው ብዬ ፊት ለፊት ተናገርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። በቁጥር ዋሽቼ አላውቅም፣ ይህቺን ያዙልኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ውሻ ያለቅሳል። የእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሐሙስ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ነው የመጣው፣ ከባጃጅ ጡሩምባ ጋር።

እማማ ቦጋለች ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ቅቤ ነጋዴ ናቸው፣ ከበዴሳና ከጉኑኖ ገበያ ያመጣሉ፣ እዚህ ሶዶ ይሸጣሉ፣ እጃቸው ሁልጊዜ ለስላሳ ነው፣ እሳቸው አሸትተው "ይሄ ትናንት የተናጠ ነው" ካሉ ማንም አይከራከራቸውም። አንድ ልጃቸውን ማቴዎስን አውቀዋለሁ፣ ቤቱ ውስጥ ትየባ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነበር፣ ፔስት ከእኔ ነበር የሚገዛው። ከአራት ወር በፊት እንደ ብዙዎቹ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ብሎ በደላላ መንገድ ወጣ፣ መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ጠፋ፣ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ግን በፊታቸው የሚያነሳ የለም።

"ምህረት፣ የማቴዎስ ኮምፒውተር ትንፋሹ ቆማለች" አሉኝ፣ እማማ ሲጨንቃቸው አማርኛው እንዲህ ይሆንባቸዋል፣ የቤታቸው ቋንቋ ወላይትኛ ነው። "ማራገቢያው ዝም ካለ ዘጠኝ ቀን ሆነው።"

"መቼ ጠፋ ታዲያ?"

"አልጠፋም።"

"እማማ፣ ማራገቢያው ከቆመ ብዙ ሳይቆይ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል፣ ዘጠኝ ቀን አይሆንም።"

"አልጠፋም አልኩሽ እኮ። ነይና እይ።"

እውነቱን ልናገር፣ ለልጃቸው አዝኜ ሳይሆን ላሳፍራቸው ፈልጌ ነው የሄድኩት። ቦርሳዬን ያዝኩ፣ አዲስ ማራገቢያ፣ ፔስት፣ ካቻቢቴ፣ ጥጥ፣ አልኮል ከተትኩ፣ በባጃጅ ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ወጣን።

የልጁ ክፍል እንደተወው ነው፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ጫማዎቹ ከግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፣ በመስኮቱ በኩል የጓሮው እንሰት ይታያል። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ በርቷል፣ ስክሪኑን ጥልፍ ጨርቅ አልብሰውታል። ማቴዎስ ሊሄድ ሲል ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር አገናኝቶት "እማ፣ እዚያ ስደርስ በዚህ ነው የምደውልልሽ፣ ፊቴን ታዪኛለሽ፣ እንዳታጠፊው" ብሏቸዋል፣ የእሳቸው ስልክ የቁልፍ ስልክ ነው፣ ፊት አያሳይም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ እንዲነሳም አስተካክሎታል። "መብራት ሲያጠፋው የእግዚአብሔር ነው" አሉኝ እማማ፣ "የሰው እጅ ግን አያጠፋውም፣ ቃል ገብቻለሁ።"

ኬዙን፣ የማሽኑን ሣጥን፣ በጎን ከፈትኩት። ማራገቢያው እውነትም ቆሟል፣ አቧራ ከላዩ ጋግሯል፣ በጣቴ ብገፋው አልዞር አለ። ብረቱን ነካሁት፣ እመኑኝ፣ አይፋጅም፣ ቀዝቃዛም አይደለም፣ የሰው ግንባር እንደመንካት ነው። እጄን ቶሎ አነሳሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ጨርቁን ገልጬ ቁጥሩን አወጣሁ፣ ሠላሳ ሰባት ይላል። ሥራ ላብዛበት ብዬ ያለውን ፕሮግራም ሁሉ በአንዴ ከፈትኩበት፣ ጤነኛው ማሽን እንኳ ስልሳ ሰባ ይገባ ነበር፣ እሱ ሠላሳ ሰባት ላይ ነው፣ ቆይቼ አየሁት፣ አሁንም ሠላሳ ሰባት።

"ስንት ነው?" አሉኝ፣ ቁጥር ማንበብ አይችሉም።

"ሠላሳ ሰባት።"

"እሱማ የጤነኛ ሰው ነው" አሉ ቀለል አድርገው፣ "ሐኪም ቤት የሚሉት እሱን አይደል?"

የሙቀት መለኪያው ተበላሽቷል ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ፣ ቁጥሩ ተቸክሎ ቀርቷል፣ ይሄ አንድ ቀን ሳይታሰብ ይቃጠልና የልጁ ዕቃ ሁሉ ይጠፋል። አጥፍቼ ላጽዳው አልኳቸው፣ እንቢ አሉ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ብዬ ለመንኳቸው፣ ባይጸዳ ልጁ በሚደውልበት ቀን ቢሞትብዎትስ አልኳቸው፣ ያቺን ቃል ባልተናገርኳት። በመጨረሻ "አሥር ደቂቃ" አሉ፣ አጠፋሁት።

ብረቱን ፈትቼ ሳነሳ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ ፔስቱ መኖር ባለበት ቦታ ላይ ቅቤ ተቀብቷል። ለጋ ቅቤ፣ ነጣ ያለ፣ በአውራ ጣት ተዳምጦ፣ የጣቱ አሻራ እንኳ አለበት። ተቆጣሁ፣ "ማነው ይሄን ያደረገው?" አልኩ፣ ማን እንደሆነ እያወቅኩ።

እማማ አላፈሩም። ማቴዎስ በየወሩ ሲከፍተው አጠገቡ ይቀመጡ ነበር፣ ምን እየሠራህ ነው ሲሉት "ይሄ ራሱ ነው እማ፣ ካልተቀባ ይግላል" ይላቸዋል። እሱ በሄደ በወሩ ማሽኑ መጋልና መጥፋት ጀመረ፣ ፔስት የሚባል ነገር ከየት እንደሚመጣ አያውቁም፣ የጋለ ራስ ምን እንደሚያበርደው ግን ያውቃሉ። ልጁ በሕፃንነቱ ራሱን እያመመው ሲያለቅስ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ አድርገው በመዳፋቸው መታ መታ ሲያደርጉት ይተኛ ነበር። እዚህ አገር አራስም ትቀባለች፣ ሙሽራም ትቀባለች፣ ራሱን ያመመው ሁሉ ይቀባል። እናም ብሎኖቹን ልጃቸው ሲፈታ እንዳዩት ፈቱ፣ የማሽኑን ራስ ቀቡት፣ መልሰው አሰሩት።

ሳቄ መጣ፣ ግን ሳልስቅ ቀረሁ፣ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ቅቤ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ቀልጦ ይፈሳል፣ ይበላሻል፣ ይሸታል። ይሄኛው ሦስት ወር ሆኖታል፣ አልቀለጠም፣ ሽታው ዛሬ ጠዋት የተናጠ ነው የሚመስለው። ቢሆንም ጥጡን በአልኮል ነክሬ ጠረግሁት።

ያኔ ነው የተንኳኳው። ቀስ ያለ ነበር፣ ሦስት ጊዜ፣ በመዳፍ ቆርቆሮ ሲመታ እንደሚሰማው። እማማም ሰምተዋል፣ "ሰው መጣ" ብለው ወደ ውጭ በር ወጡ። እኔ ግን ድምፁ ከየት እንደመጣ አውቄያለሁ፣ እጄ ኬዙ ላይ ነበር፣ ንዝረቱ ጣቶቼ ላይ ደርሷል። ብረት ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል አልኩ፣ ይህንን ለስንት ደንበኛ አስረድቻለሁ፣ ግን ያልጋለ ብረት ከምን ይቀዘቅዛል? እማማ ተመልሰው "ማንም የለም" አሉ።

ቶሎ ቶሎ ሠራሁ፣ አዲሱን ፔስት ቀባሁ፣ ብረቱን መለስኩ፣ አዲሱን ማራገቢያ ገጠምኩ፣ አበራሁት። ማራገቢያው ንፋስ እንደ ጉድ ያወጣል፣ እንደ መጽሐፉ የተሠራ ሥራ ነው፣ በኩራት ቁጥሩን አወጣሁ። አርባ አንድ። አርባ ስምንት። ስልሳ። ምንም ፕሮግራም አልተከፈተም፣ ሰባ ሁለት አለ። ሳይገጥም ቀርቶ ይሆናል ብዬ አጥፍቼ ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ እንደገና ቀባሁ፣ አሰርኩ፣ አበራሁ። ሰባ ዘጠኝ፣ ሰማንያ አራት። ከላይ ያለውን ብረት ብነካው በረዶ ነው፣ ሙቀቱ ወደዚያ አይሄድም፣ እዚያው ከራሱ ጋር ተዘግቶበታል።

ማንኳኳቱ መጣ፣ አሁን ሦስት ብሎ አላቆመም። ጠረጴዛው ላይ የጣልኩት አሮጌው ማራገቢያ፣ ያ በጣቴ አልዞር ያለኝ፣ ከምንም ጋር ያልተያያዘው፣ ትንሽ ዞር አለ፣ ቆመ፣ ደግሞ ትንሽ ዞር አለ፣ ቆመ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደረት እንደሚያደርገው። መስኮቱ ዝግ ነበር፣ ሄጄ በእጄ ፈትሼዋለሁ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፣ ይህን ለመናገር አላፍርም።

"አንሺለት" አሉ እማማ። ድምፃቸው ተለውጧል፣ አንድ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነዋል። "ያንን ያንቺን ነገር አንሺለትና የእኔን መልሽ።"

"እማማ፣ ይሄ ቴክኒክ ነው፣ ቅቤ..."

"ምህረት! ልጄ እየጋለ ነው!"

ልጄ ያሉት ማሽኑን ይሁን ማቴዎስን አልጠየቅኩም። ቁጥሩ ዘጠና ሦስት ደርሶ ነበር። የስምንት ዓመት ሙያዬን በቅቤ አልለውጥም ብዬ አንዴ ደግሜ ልሞክር እጄን ሰደድኩ፣ ዘጠና ስድስት አለ፣ ማንኳኳቱ ደከመ፣ መዳፍ መሆኑ ቀርቶ በጥፍር የሚቧጭር ድምፅ ሆነ፣ ያኔ ኩራቴ ተሰበረ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት፣ ፔስቱን ጠራርጌ አወጣሁ፣ እማማ ከጓዳ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ይዘው እየሮጡ መጡ፣ እኚያ ለመራመድ ጉልበቴን የሚሉ ሴት። በመዳፋቸው አለሰለሱት፣ በወላይትኛ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ጸለዩ፣ ራሱ ላይ አድርገው በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። እኔ ብረቱን ጫንኩ፣ አበራሁ። "ማራገቢያውን ተይው" አሉኝ፣ ሳልገጥመው ተውኩት።

ሠላሳ ሰባት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሰዓቴን አየሁ፣ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነበር። እማማ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፣ እኔ ደግሞ ዕቃዬን ሰብስቤ ሳልሰናበት ወጣሁ፣ ካቻቢቴዬን እዚያው ረስቻለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሱቄ መጡ፣ ፊታቸው በርቷል። ማቴዎስ በሰው ስልክ ደውሏል! ደስ አለኝ፣ ተቃቀፍን፣ ከዚያ ያላቸውን ነገሩኝ። በታሸገ የጭነት መኪና ውስጥ ብዙ ሆነው ታጉረው ሲሄዱ መኪናው በረሃ ላይ ቆሟል፣ አየር አጥሯቸው ብረቱን በእጃቸው እየደበደቡ የሚከፍት ጠፍቷል። "ራሴ ሲቃጠል ሞትኩ ብዬ ነበር እማ፣ መምታትም አቅቶኝ ስቧጭር ነበር" ብሏቸዋል። "ከዚያ አናቴ ላይ ቀዘቀዘኝ፣ ቅቤ ሸተተኝ፣ አጠገቤ የነበረውም ልጅ ሸቶታል።" መኪናው ወዲያው ተከፍቷል።

"መቼ ነው?" አልኳቸው።

"ሐሙስ ነው ያለኝ፣ ከሰዓት።"

እሳቸው ጌታን ያመሰግናሉ፣ እኔ ወንበሬን ይዤ ተቀመጥኩ። የምታስቡት ይገባኛል፣ እኔም አስቤዋለሁ። ቅቤው አዳነው እንዳልል መጀመሪያ የጠረግሁት እኔ ነኝ፣ ላሳፍራቸው ብዬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ባልሄድ ኖሮ መኪናው ይቆም ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ለፓስተራችን እንኳ አላነሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ እሄዳለሁ። እማማ ቁጥር አያነቡም፣ ልጁም ከዚያች ቅዳሜ በኋላ አልደወለም፣ ስለዚህ አንባቢያቸው እኔ ነኝ። ስሄድ በር ላይ ይጠብቁኛል፣ ጨርቁን እገልጣለሁ፣ ሠላሳ ሰባት እላለሁ፣ ተመስገን ይላሉ። አንድ ሐሙስ ሠላሳ ስምንት ተኩል ሆኖ ሳገኘው እንዳለ ነገርኳቸው፣ "ጉንፋን ይሆናል፣ መንገድ ነው" ብለው ቅቤውን አደሱለት፣ በሳምንቱ ወርዶ አገኘሁት። እኔም ለመድኩ፣ ሰው የማይለምደው የለም፣ ረቡዕ ማታ እያሰብኩት እተኛለሁ፣ ሐሙስ ቁጥሩን ሳየው እንጀራ ይበላልኛል።

ያለፈው ሐሙስ ሄድኩ። ማሽኑ በርቷል፣ ስክሪኑ ይሠራል፣ ማውሱን ሳንቀሳቅስ ይታዘዛል። ቁጥሩ ሃያ ሁለት ይላል።

ምናልባት አልገባችሁ ይሆናል፣ ላስረዳችሁ። የበራ ፕሮሰሰር፣ ያውም ያለ ማራገቢያ፣ ሃያ ሁለት ሊሆን አይችልም። የክፍል ሙቀት መለኪያ ቦርሳዬ ውስጥ አለኝ፣ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጠበቅኩ፣ ሃያ ሁለት አለ። ከጠረጴዛው፣ ከግድግዳው፣ ከተደረደሩት ጫማዎች እኩል ማለት ነው። ብረቱን ነካሁት፣ የሰው ግንባር አልነበረም፣ ብረት ነበር። በጎኑ ጎንበስ ብዬ ሳይ ቅቤው ረግቶ፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ፣ ሽታው ተለውጧል። የማሽኑ ሙቀት መለኪያ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ አልኩ፣ ለማንም ደንበኛ የምለው ይህንኑ ነው፣ ደጋግሜ አልኩት።

"ስንት ነው?" አሉ እማማ ከበሩ።

ወደ እሳቸው ሳልዞር "ሠላሳ ሰባት" አልኩ።

ቀስ ብለው መጡ፣ ያንን ለስላሳ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ፣ ብዙ ቆዩ፣ ቅቤ በመንካት ብቻ የስንት ቀን እንደሆነ የሚያውቁ እጆች ናቸው። ከዚያ አነሱና ጨርቁን በስክሪኑ ላይ አስተካክለው መለሱት፣ እኔን ሳያዩ።

"ጌታ ይባርክሽ ልጄ" አሉኝ። "በሚመጣው ሐሙስም ትመጫለሽ አይደል?"

እመጣለሁ አልኩ። ዛሬ ረቡዕ ነው።